መሰላል፣ አልጋ፣ ወንበር

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከመሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት መሰላል ላይ ወደቅሁ። ወደ ላይ ያስወጣኝ አንድ ደንበኛ «ይህን ገንዘብ አላወጣሁም» ብለው የተከራከሩበት የቆየ ሰነድ ነበር። ጥራዙ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እጄ ጥራዙን ነካ፤ እግሬ መሰላሉን ሳተ። ከፍታው ከሁለት ሜትር ብዙም የሚበልጥ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ያረፍሁት በመቀመጫዬ ነበርና የመጀመሪያው የወገብ አከርካሪዬ እንደተረገጠ ጣሳ በፊት በኩል ተጨፈለቀ። (ሰነዱን በማግስቱ ሌላ ባልደረባዬ አወረደው። ፊርማው የደንበኛው የራሳቸው ነበር።)

ሦስት ወር ከደረቴ እስከ ዳሌዬ በጠንካራ ደጋፊ ታስሬ ከረምሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና «አጥንቱ ገጥሟል፤ ድነሃል» አለኝ። በወረቀትም ጻፈልኝ። ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤቴ ሰጥቼ፣ ሕመሙን ይዤ ወደ መስኮቴ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ማውራት ያሳፍረኛል። በባንክ መስኮት የተቀመጠ ሰው ገንዘብ ይቆጥራል፣ ፈገግ ይላል፣ «የሚቀጥለው» ይላል። እኔ ግን አርባ ደቂቃ ሲሞላ ከወገቤ መሐል እሳት ይነሳና ወደ ግራ ዳሌዬ ይወርዳል፤ የሰው ብር እየቆጠርሁ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ይሰጠኝ፣ አልፎ አልፎ ልቁም ብዬ ጠየቅሁ። «ወረቀትህ እኮ ድኗል ይላል» ተባልሁ። ተሳስተዋል ማለት አልችልም፤ ይላል። ማታ ማታ የምጽፋቸው ግጥሞችም ቀሩ፤ የመቀመጥ አቅሜን ቀን መሥሪያ ቤቱ ስለሚጨርሰው ለማታ የሚተርፍ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ግን ራሴን መጠርጠር መጀመሬ ነው። አጥንቱ ከገጠመ የሚያመኝ ምንድን ነው? ምናልባት ሰነፍ ሆኜ ይሆን?

ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ያኔ ነው። እውቀት ፍለጋ አልነበረም፤ ምስክር ፍለጋ ነበር። ከእኔ በፊት ወገቡ ተሰብሮ፣ ድኗል ተብሎ፣ ግን ያልዳነ ሰው ቀኑን እንዴት ያመሽ ነበር? መጻሕፍቱ ስለ አጥንቱ ብዙ ይላሉ። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ስለሚቀረው ሕመም ግን ዝም ይላሉ። እሱን ያገኘሁት በዕቃዎቹ ላይ ነው፤ በመሰላሉ፣ በአልጋው፣ በወንበሩ።

ወደ ሩቁ ከመሄዴ በፊት የቅርቡን ልናገር። እንደወደቅሁ ሰሞን እናቴ አንድ ስመ ጥር ወጌሻ ይዛ መጣች። (የእግር ኳስ ተመልካች ወጌሻ ሲባል ቦርሳ ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ሰው ያስታውሳል፤ እኔ የምለው የጥንቱን፣ ቀርከሃ ሰንጥቆ ክንድ የሚያስረውን ነው።) ሽማግሌው እጃቸውን ከደጋፊው በታች አስገብተው ወገቤን በሁለት ጣት ዳሰሱ። ብዙ ቆዩ። ከዚያም «ልጄ፣ እጅና እግር ቢሆን እኔ ነበርሁ። ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። ገንዘብም አልወሰዱም። እናቴ ተስፋ ቆረጠች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

እነዚያ ሽማግሌ ሳያውቁት የተናገሩት በጣም የቆየ ቃል ነው። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 በሉክሶር ከተማ የገዛው አንድ የግብጽ ፓፒረስ አለ። የተገለበጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ ሲሆን ይዘቱ ከዚያም ይቀድማል። ጀምስ ብሬስትድ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳተመው። በውስጡ 48 የጉዳት ዓይነቶች ከራስ ቅል ጀምረው ወደ ታች በተራ ተዘርዝረዋል፤ በብዙዎቹም ላይ ሐኪሙ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል። ይህን አክመዋለሁ፣ ይህን እታገለዋለሁ፣ ወይም ይህ የሚታከም አይደለም። የአንገቱ አከርካሪ ተናግቶ እጅና እግሩ የማይሰማው ሰው የደረሰው ሦስተኛው ፍርድ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የመጨረሻው፣ 48ኛው ነው። የዚህ ሰው አከርካሪ አልተሰበረም፤ ተወልክፏል። ሐኪሙ እግርህን ዘርጋ፣ መልሰህም እጠፍ ይለዋል፤ ሰውየው ከወገቡ ሕመም የተነሳ እንደዘረጋ ወዲያው ያጥፈዋል። ዛሬ የሚመረምረኝ ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ እግሬን ቀጥ አድርጎ ሲያነሳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው ማለት ይቻላል። ፍርዱም አክመዋለሁ የሚል ነው። ሕክምናው ይጀምራል፤ በጀርባው አስተኛው ይላል፤ ቀጥሎም ልታደርግለት የሚገባህ ብሎ… እዚያ ላይ ይቆማል። ጽሑፉ በአረፍተ ነገር መሐል ተቋርጧል። ባዶ ፓፒረስ ከፊቱ እያለ ገልባጩ ብዕሩን አስቀምጦ ሄደ። የወገብ ሕመም መድኃኒት እነሆ ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ጀምሮ ያልተጨረሰ አረፍተ ነገር ነው።

ወደ ግሪኮች ስሻገር መሰላሌን አገኘሁት። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የሕክምና መጻሕፍት ስለ መገጣጠሚያ በሚናገረው ክፍል፣ ወድቆ ጀርባው የጎበጠ ሰው በመሰላል ላይ ይታሰራል፤ መሰላሉ በገመድ ወደ ከፍታ ይሳባል፤ ከዚያም በድንገት ቁልቁል ይለቀቃል። ንውጽውጽታው አከርካሪውን ያቃናል ተብሎ ነው። እኔ ከመሰላል ወድቄ የተሰበርሁትን እነሱ ከነመሰላሉ ጥለው ሊያክሙኝ! ደራሲው ራሱ ግን ይህን በሚያደርጉ ሐኪሞች ያፍራል። አብዛኞቹ የሚያደርጉት ሕዝብ እንዲደነቅላቸው ነው፤ የወደቀው ሰው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ግድ የላቸውም ይላል። (ይህን ካለ በኋላ ቁጭ ብሎ አሠራሩን በዝርዝር ማስተማሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።) እሱ የሚመርጠው አግዳሚ እንጨት ነው። በሽተኛው በሆዱ ይተኛበታል፤ ከራስና ከእግር በኩል ይጎተታል፤ ሐኪሙ ጉብታውን በእጁ ይጫናል። ያ አግዳሚ በአረብና በኦቶማን ሐኪሞች እጅ አልፎ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በአንድ እርምጃ እሻገራለሁ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895፣ የዓድዋ ጦርነት ሊደረግ አራት ወር ሳይሞላ፣ ቪልሄልም ሮንትገን ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያሳየውን ጨረር አገኘ። ከጣልያንኛ የወረስነው «ራጅ» የሚለው ስም የእሱ ነው። ይህ ብርሃን ስንቱን እንዳዳነ አልክድም፤ እኔንም ጨምሮ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኛው ፊልሙ ሆነ። በፊልሙ ላይ የሚታይ ሁሉ እውነት፣ የማይታይ ሁሉ ሐሜት።

አሁን ወደ ምስክሬ ደረስሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1925 በሜክሲኮ ከተማ አንድ የእንጨት አውቶቡስ ከባቡር ጋር ተጋጨ። በውስጡ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ተማሪ ፍሪዳ ካህሎ ነበረች፤ ያኔ የምታስበው ሐኪም ለመሆን ነበር። የአውቶቡሱ የብረት መደገፊያ ዳሌዋን ወጋት። ዳሌዋ፣ አንገቷ ሥር ያለው አጥንት፣ ቀኝ እግሯ ተሰባበሩ። ወገቧም ከሦስት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ይህ ግን በውል የታወቀው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ድናለች ተብላ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ሕመሙ አልለቅ ሲላት ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ በክፍሌ ውስጥ ተመላለስሁ። ድናለች ተብላ!

ከዚያ በጄሶ አሰሯት። እናቷ ተኝታ የምትሥልበትን መደገፊያ ለአልጋዋ አሠራችላት፤ ከአልጋው ጣሪያ ላይም መስተዋት ተሰቀለ። ስለዚህች ሴት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ሥዕሎቿን ነው፤ እኔ ከሥዕሎቿ በፊት ያንን እንጨት አስበዋለሁ። መቀመጥ ለማይችል ሰው ሸራው ወደ አልጋው መጣለት። አንዲት እናት፣ አንድ አናጢ፣ ጥቂት እንጨት። ከአጥንት ሐኪሞቹ ሁሉ በላይ የጠቀማት ይኸ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ያለው ዘመኗ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይደለም። አግብታለች፣ ተጉዛለች፣ ደህና ሆና የከረመችባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ሕመሙም እየሄደ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1944 ሐኪሞች የብረት ኮርሴት አለበሷት። በዚያው ዓመት «የተሰበረው ዓምድ» የተባለውን ሣለች። ሰውነቷ ከአንገት እስከ ዳሌ ተከፍቷል፤ በአከርካሪዋ ቦታ ብዙ ስብርባሪ የሆነ የግሪክ ቤተ መቅደስ ዓምድ ቆሟል፤ ነጭ የኮርሴት ማሰሪያ ሰውነቷን አንድ ላይ ይዞታል፤ ገላዋ ላይ ሁሉ ምስማር ተመቷል። ዕንባዋ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን አይለቀስም። የመስኮት ፊት ማለት ይህ ነው! ባንክ ውስጥ ከምስማሮቹ በታች ተቀምጬ «የሚቀጥለው» የምለው በዚያ ፊት ነበር። ራጅ ላይ የማይታየውን በዘይት ቀለም አስመዘገበችው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ኒው ዮርክ ሄዳ ከዳሌዋ በተወሰደ አጥንትና በብረት አከርካሪዎቿን አያያዙላት። ሕመሙ አልቆመም። የ1950ን ዓመት አብዛኛውን ሆስፒታል ተኝታ፣ ደጋግማ ቀዶ ሕክምና እየተደረገላት አሳለፈችው። በ1953 በአገሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ የሥዕል ትርኢት ሲዘጋጅላት ሐኪሞች ከአልጋ እንዳትነሳ ከለከሏት፤ እሷም አልጋዋን አስቀድማ ወደ አዳራሹ ላከችና በአምቡላንስ መጥታ እንግዶቿን ተኝታ ተቀበለች። ትእዛዙን አልጣሰችም እኮ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1954፣ በ47 ዓመቷ አረፈች።

ሰዎች ሕመሟ ሠዓሊ አደረጋት ሲሉ እሰማለሁ። አልቀበለውም። ሕመም ሰዓት ይበላል እንጂ ምንም አይሠራም፤ የሠራችው እሷ ናት፣ ሕመሙ ባስተረፈላት ሰዓት። ፊቷ ታትሞበት የሚሸጠውን ቦርሳም አልወደውም። ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። በሰማያዊ ቤቷ ውስጥ አንድ የመታጠቢያ ክፍል ከሞቷ በኋላ ተቆልፎ እስከ 2004 ቆይቷል፤ ሲከፈት ከቀሚሶቿ ጋር ኮርሴቶቿ፣ ምርኩዞቿና መድኃኒቶቿ ወጡ። በጄሶዎቹ ላይ ሥዕል ሥላባቸዋለች። ኀምሳ ዓመት የተቆለፈው የሕመሟ መዝገብ ቤት ነበር።

ፍሪዳ በብረት ታስራ በምትሥልበት በዚያው በ1944፣ በእንግሊዝ አገር ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም፣ ሉድቪግ ጉትማን፣ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ከፈተ። እስከዚያ ድረስ አከርካሪው ተሰብሮ ሽባ የሆነ ወታደር በጄሶ ታስሮ ጀርባው እየቆሰለ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ጉትማን ጄሶውን አስፈታ፤ በሽተኞቹ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ፤ ሲሻላቸው ሥራና ስፖርት ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ። ቀስት የሚስበው እጅ ይመስላል እንጂ ጀርባ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የኛ አገር ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓመቱ የመጨረሻ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ከስምንት ቀን በኋላ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 400 የሚሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች በዚያችው ሮም ተሰበሰቡ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ይህ የጉትማን ጨዋታ ነው። አበበና እነዚያ ሰዎች በስምንት ቀን ተላለፉ። የተገናኙት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ አበበ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር፤ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ስቶክ ማንደቪል በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 በኖርዌይ በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሞተ። የአበበ ጉዳትና የኔ ጉዳት አይመጣጠኑም፤ ሁለት እግሬ አለኝ፤ ይህን ሳስብ ጠረጴዛ መለመኔ ያሳፍረኛል። ነገር ግን ከዚያ ክፍል የተማርሁት አለ፤ በሽተኛው የሚገላበጠው ሲያመው ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው።

ለራሱ ለሕመሙ ስም የተሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ መልዛክና ፓትሪክ ዎል ሕመም ከቁስል ወደ አንጎል እንደ ደወል ገመድ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንዳለ ጻፉ። በሩም አንዳንዴ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ክፍት ሆኖ ይቀራል። መልዛክ በ1975 ሕመምተኞች የሚመርጧቸውን 78 ቃላት የያዘ መጠይቅ አወጣ። ይህን ሳነብ የራሴን መዝገብ ያዝሁ። ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይሰረስረኛል፣ ይነዘንዘኛል፣ ይፈልጠኛል። ጠዋት ስነሳ ይቆረጥመኛል፤ ስቀመጥ ይለበልበኛል፤ ሌሊት ይሰረስረኛል። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን «ያመኛል» ብቻ እል ነበር! ግጥም እጽፋለሁ ባይ ሰው አንዲት ቃል ይዞ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ የተቀበለው ደግሞ በ11ኛው እትሙ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2022 መጀመሪያ፣ እኔ ከወደቅሁ አራት ዓመት ቆይቶ።

ሁለተኛው ሐኪሜ ሰባቱን ቃላት ከነሰዓታቸው ስነግረው ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። አዲስ ወረቀትም ሰጠኝ። ዛሬ በግል ማኅደሬ ውስጥ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተያይዘዋል። አንዱ ድኗል ይላል፤ ሁለተኛው ያመዋል ይላል። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የማይታረቁ ሁለት ሰነዶች ያስጨንቁኛል። እነዚህን ግን እንዳሉ ተውኋቸው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

መሥሪያ ቤቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አልገዛልኝም። የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ የወዳደቀ ጣውላ አሰባስበው ከፍ ያለ በርጩማ ሠሩልኝ፤ ግማሽ ተቀምጬ ግማሽ ቆሜ እሠራበታለሁ። ከእግሬ ሥር የለስላሳ ሳጥን አለ፤ አንድ እግሬን በተራ አሳርፍበታለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ሲያምህ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ተነስ» ያለችኝ የጉትማንን ክፍል ታሪክ ሳታነሳ ነው። በሃያ ደቂቃ ጀመርሁ፤ አሁን ሃያ አምስት ላይ ነኝ። ደህና በሆንሁ ቀን እንዳልጨምር፣ ባመመኝ ቀንም እንዳልቀንስ አስጠንቅቃኛለች። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይከብዳል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት እስከ አደባባዩ ደርሼ እመለሳለሁ። ማታ ከሃያ አምስት ደቂቃዎቹ አንዷን ለግጥም ሰጥቻለሁ፤ አጭር ግጥም ነው የሚወጣው። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍሁት በብዙ ቁራጭ ነው፤ ስፌቱ ታይቷችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። እናቴ ዛሬም «አሁንስ ለቀቀህ?» ትለኛለች። «አለቀቀኝም እማዬ፤ ግን ተግባብተናል» እላታለሁ። አታምነኝም።

ያንን ግብጻዊ ገልባጭ አሁንም አስበዋለሁ። ሊቃውንቱ ጽሑፉ ለምን እንደተቋረጠ የየራሳቸውን ይላሉ። እኔ የማስበው፣ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ ሲጽፍ የዋለ ሰው፣ 48ኛው ላይ፣ የወገብ ሕመም ዘንድ ሲደርስ፣ የራሱን ወገብ ይዞ ቀስ ብሎ ሲነሳ ነው። ጥቂት ሊመላለስ። ተመልሶ ሊጨርሰው።

የእኔም ሃያ አምስት ደቂቃ ሞልቷል።